የመብራት ዋጋ በውሉ መሐል ሲጨምር

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

 

የዛሬው ርዕሳችን የመጣው ከፖስታ ሣጥን ነው። በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ የምትኖር አንዲት እህታችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካልን ነበር። የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ፣ ከመሥሪያ ቤቱም ከድርጅቱም የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ የምታነብላት የ12 ዓመት ልጇ ናት። በኖቬምበር ወር አጋማሽ መብራት ከሚያቀርብላቸው ድርጅት አራት ገጽ ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችውና «እማዬ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዋጋውን እናስተካክላለን ነው የሚለው። ይህን አድርጉ የሚል ነገር የለውም» አለቻት። እናትም ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ስለ ኑሮ ውድነት ወሬ ተነሣ፤ ደብዳቤውም ከመሳቢያ ወጣ። ጎረቤቲቱ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘች። ጭማሪው ሥራ ላይ ከሚውልበት ቀን ጀምሮ ውሉን ማቋረጥ ይቻላል ይላል። እህታችን ብዕር ያነሣችው ያን ዕለት ማታ ነው። እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «ኡስታዝ፣ እኛ የሁለት ዓመት ውል ነው የፈረምነው። ገና 14 ወር ይቀረናል። ውሉ ሳያልቅ እንዴት ዋጋ ይጨምሩብናል? እሺ ይጨምሩ፤ እኛስ ቃል ገብተን ፈርመን ስናበቃ ውል ማፍረስ ይፈቀድልናል ወይ? ብናፈርሰውስ ልጆቼ በጨለማ አያድሩም ወይ?»

ሦስቱም ጥያቄዎች የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄዎች ናቸው። በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይም በጀርመን ላሉት ይጠቅማል ብለን ስላሰብን ጉዳዩን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተነጋግረን፣ ሕጉንም አይተን የዛሬውን ንግግር አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንበል። አገር ቤት ያደግን ሰዎች «መብራት ኃይል» አንድ ብቻ መሆኑን እናውቃለን። ታሪፉን የሚወስነው መንግሥት ነው። ለምሳሌ ከመስከረም 2017 ዓ.ል. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ይህን ጭማሪ ያልወደደ ሰው ወደ ሌላ ድርጅት ልሂድ ቢል የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ስለ ዋጋ የሚናገር ወረቀት በደረሰን ቁጥር እንደ አዋጅ እንቆጥረዋለን፤ ከመክፈል በቀር ሌላ ነገር አይታሰበንም።

ጀርመን ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ገበያው ከተከፈተበት ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቤተሰብ ሁሉ አቅራቢውን ራሱ ይመርጣል። ሽቦውና ቆጣሪው የአካባቢው መስመር ባለቤት ናቸው፤ መብራቱን የሚሸጥላችሁ ድርጅት ግን እንደማንኛውም ነጋዴ ከእናንተ ጋር ውል ያለው ሻጭ ነው። ሻጭ በውል መሐል ዋጋ ልጨምር ካለ፣ ያ ደብዳቤ አዋጅ ሳይሆን ጥያቄ ነው። «በአዲሱ ዋጋ ትቀጥላላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?» ማለቱ ነው። ዝም ያለ ሰው «እቀጥላለሁ» እንዳለ ይቆጠራል። የእህታችን ልጅ «ይህን አድርጉ አይልም» ማለቷ እውነቷን ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ምንም እንዳታደርጉ ነውና።

ደብዳቤው «ጭማሪ» የሚለውን ቃል ላይጠቀምም ይችላል። ብዙውን ጊዜ «ፕራይስአንፓሱንግ» ይላል፤ የዋጋ ማስተካከያ ማለት ነው። እኛስ አገር ቤት «የታሪፍ ማሻሻያ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል? የተሻሻለው ለማን እንደሆነ የሚያውቀው ከፋዩ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ውሉ ሳያልቅ ዋጋ መጨመር ይችላሉን? አዎን፣ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይደለም። ድርጅቱ በራሱ ፈቃድ ዋጋ ለመለወጥ ይህን መብት በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ያስቀመጠ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሌለበት ውል ከሆነ በመሐል መጨመር አይችልም። ሁለተኛው የሚታየው ነገር የዋጋ ዋስትና ነው፤ በእነሱ አጠራር «ፕራይስጋራንቲ»። ዋስትናው ገና ካላለቀ ድርጅቱ በቃሉ ይታሰራል። በ2022 የኢነርጂ ገበያው ሲናጥ አንድ ድርጅት «ግዢው ተወደደብኝ» ብሎ ዋስትና ለሰጣቸው ደንበኞች ጨምሮ ነበር። የሸማቾች ማዕከል ከሰሰውና የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት አገደው።

ሆኖም ዋስትና ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን እወቁ። የመብራት ዋጋ በሦስት ክፍል የተሠራ ነው፦ ድርጅቱ ኃይሉን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ወጪ፣ ለመስመር ባለቤቱ የሚከፈለው፣ እንዲሁም ግብርና ልዩ ልዩ መዋጮ። «የተወሰነ ዋስትና» የሚባለው ብዙ ጊዜ ግብሩንና መዋጮውን አያካትትም፤ አንዳንዱም የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። እህታችን ውሏን አውጥታ ስታይ ዋስትናው ለ10 ወር ብቻ ነበር፤ ውሉ ግን ለ24 ወር። እርሷ ሁለቱ አንድ መስለዋት ነበር። እንግዲህ ድርጅቱ የጨመረው ዋስትናው ባበቃ ማግስት ነው።

ድርጅቱ የመጨመር መብት ቢኖረውም ሕጉ ግዴታ ጥሎበታል። በጀርመን የኢነርጂ ሕግ አንቀጽ 41 መሠረት ለመኖሪያ ቤት ደንበኛ ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት። የሚጨምርበትን ምክንያት፣ መነሻውንና መጠኑን በቀላልና በሚገባ ቋንቋ መግለጽ፣ ደንበኛውም ውሉን የማቋረጥ መብት እንዳለው መናገር አለበት። ደንበኛውም ለውጡ በሚጀምርበት ቀን፣ ያለ ምንም የማስጠንቀቂያ ጊዜና ያለ ምንም ክፍያ መውጣት ይችላል። 14 ወር ቀረው፣ 20 ወር ቀረው ለውጥ አያመጣም። ይህ ልዩ የማቋረጥ መብት በጀርመንኛ «ዞንደርኩንዲጉንግስሬሽት» ይባላል። ቃሉ ረጅም ነው፤ ግን ከረጅሙ ደብዳቤ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት እርሱን ይሁን።

አንዳንድ ድርጅቶች «እኛ አይደለንም የጨመርነው፤ መንግሥት መዋጮውን ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ መውጣት አትችሉም» ይሉ ነበር። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 5 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ይህን አልተቀበለም፤ በግብርና በመዋጮ ምክንያት የመጣ ጭማሪም የመውጣት መብት ይሰጣል ብሏል። ልዩ ሆኖ የቀረው በዋነኛነት የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የታክሱ መጠን በሕግ ሲለወጥ ለውጡን እንዳለ ብቻ የሚያስተላልፍ ድርጅት ይህን መብት አያስከፍትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉ ይከብዳል፤ እህታችንም ያስጨነቃት እርሱ ነው። ሙእሚን ቃሉን ይጠብቃል፤ ውልን መሙላት ታዘናል። ታዲያ ፈርሞ መውጣት ክህደት አይሆንም ወይ? እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ ልዩ ጉዳይ ያለበት ሰው ዓሊሞችን ይጠይቅ። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና እንየው። የፊቅህ ኪታቦች በሽያጭ ምዕራፍ ዋጋው የታወቀ መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ፤ «ኺያር» በሚለው ርዕስ ሥርም ሻጭና ገዢ ሽያጩን ለማጽናት ወይም ለመተው ምርጫ የሚኖራቸውን ሁኔታዎች ያብራራሉ። ስለዚህ በምርጫ መውጣት ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። እህታችን የፈረመችው በ32 ሳንቲም ሒሳብ ነበር። በ39 ሳንቲም ልሽጥልሽ ብሎ አዲስ ነገር ያመጣው ድርጅቱ ነው። የመውጫውን በር ደግሞ ሕጉ አስቀምጦታል፤ ድርጅቱም ራሱ በደብዳቤው ጽፎታል። በታወቀ በር፣ በታወቀ ቀን፣ አስታውቆ መውጣት ውሉን መፈጸም እንጂ ማፍረስ አይመስለኝም። ክህደት የሚሆነው እስከዚያ ቀን ድረስ የተጠቀምንበትን ሳንከፍል መጥፋት ነው። ይህም የሚያደርግ ሰው አለ፤ አላህ ይጠብቀን።

ሦስተኛው ጥያቄ አጭር መልስ ነው ያለው። በጨለማ አታድሩም። ውላችሁን አቋርጣችሁ ሌላ ድርጅት ሳታገኙ ቀኑ ቢደርስ እንኳ በየአካባቢው ላለው መሠረታዊ አቅራቢ በሕግ የተጣለበት ግዴታ አለ፤ መብራቱ ሳይቋረጥ እርሱ ይረከባችኋል። «ግሩንድፈርዞርጉንግ» የሚሉት መሠረታዊ አቅርቦት አብዛኛውን ጊዜ ወደድ ይላል። ደግነቱ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ በማንኛውም ጊዜ ይወጡበታል። በ2021 መጨረሻ በርካሽ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ አንዳንድ ድርጅቶች በድንገት ማቅረብ አቁመው ነበር። እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ወደ አካባቢያቸው አቅራቢ ተላለፉ፤ ሒሳቡ አስደነገጣቸው እንጂ አምፖላቸው አልጠፋም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የእህታችንን ደብዳቤ ይዘን በእስክሪብቶ ሒሳብ ሠራን። ቤተሰቡ በዓመት 4,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። በኪሎዋት ሰዓት 7 ሳንቲም ተጨመረ፤ ይህ በዓመት 280 ዩሮ ነው። በየወሩ የሚከፈለው ቋሚ ክፍያም ከ12 ወደ 14 ዩሮ ወጣ፤ 24 ዩሮ በዓመት። በድምሩ 304 ዩሮ። በቀሩት 14 ወራት ከ350 ዩሮ በላይ ይሆናል። «ሰባት ሳንቲም ምን አላት» ብሎ ደብዳቤን መሳቢያ ውስጥ መክተት ያን ያህል ያስከፍላል። ይህ ገንዘብ አገር ቤት ላሉ እናት የስንት ወር ድጎማ እንደሆነ የምትልኩ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

በዚያው ደብዳቤ ሌላም ነገር ነበር። ቤተሰቡ በየወሩ 119 ዩሮ ይከፍል ነበር፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ 175 እንዲከፍል ተጠየቀ። ይህ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ «አብሽላግ» ይባላል። አብሽላግ ዋጋ ሳይሆን ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከትክክለኛው ሒሳብ ጋር ይተሳሰባል። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። የአብሽላግ መጨመር ብቻውን የዋጋ ጭማሪ አይደለም፤ ዋጋው ሲጨምር ግን አብሽላጉ መጨመር ያለበት በዚያው ልክ ነው። በእህታችን ሒሳብ አዲሱ ዋጋ የሚጠይቀው በወር 144 ዩሮ ብቻ ነው። 175 የመጣው ከየት ነው? ፍጆታው ጨምሯል የሚል ማስረጃ ከሌለ «አስረዱኝ፣ ቀንሱልኝ» ብሎ መጻፍ ተገቢ ነው። ገንዘቡ በዓመቱ መጨረሻ ይመለስ ይሆናል፤ እስከዚያ ግን በእነሱ እጅ ነው ያለው።

ውሉን የሚያቋርጠው ማን ይሁን? አዲስ ድርጅት ስትይዙ «እኛ እናቋርጥልዎታለን» ይሏችኋል። በሌላ ጊዜ ጥሩ ነው። በዚህ ልዩ መብት ጊዜ ግን ራሳችሁ አቋርጡ፤ ምክንያቱም አዲሱ ድርጅት ቢዘገይ የሚያልፈው የእናንተ ቀን ነው። በኢሜይል መላክ ይበቃል። ስማችሁን፣ የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ የቆጣሪያችሁን ቁጥር ጽፋችሁ «በዋጋ ጭማሪው ምክንያት ጭማሪው ሥራ ላይ ከሚውልበት ቀን ጀምሮ ውሌን አቋርጫለሁ፤ የመጨረሻውን ቀን ገልጻችሁ በጽሑፍ አረጋግጡልኝ» ማለት ነው። ድርጅቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ጠቅሶ ማረጋገጥ ግዴታው ነው። ማረጋገጫው ካልመጣ ዝም አትበሉ። ደብዳቤያችሁም ከጭማሪው ቀን በፊት እጃቸው መግባት አለበት። በመጨረሻው ዕለት ማታ የሚላክ ኢሜይል ላይ ተስፋ አትጣሉ።

አዲስ ድርጅት ስትፈልጉ በዋጋ ማወዳደሪያዎቹ ላይ መጀመሪያ የሚታያችሁ ርካሽ ዋጋ የአንድ ጊዜ ስጦታ፣ ቦኑስ ተቀንሶለት ሊሆን ይችላል። ቦኑሱን አውጥታችሁ አወዳድሩ። የዓመቱን ገንዘብ በቅድሚያ ክፈሉ የሚለውን ተዉት፤ ድርጅቱ ቢወድቅ ገንዘባችሁ አብሮ ይወድቃል። የዋጋ ዋስትናው ከውሉ ዘመን ጋር እኩል ይሁን፤ የእህታችን ችግር የተወለደው እዚያ ነው። የቀድሞው ድርጅት ቃል የገባላችሁ ቦኑስ ካለም ዓመት ሳይሞላ በመውጣታችሁ ይቀር እንደሆነ ውላችሁን ተመልከቱ። ከጁን 6 ቀን 2025 ወዲህ ድርጅት የመቀየሩ ቴክኒካዊ ሥራ በአንድ የሥራ ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ተደንግጓል። ለዚህም በሒሳብ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ባለ 11 አኃዝ የቦታ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ከቆጣሪው ቁጥር የተለየ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በስልክ ለማንም አትስጡ። የዋጋ ጭማሪ ወሬ በሚበዛበት ወቅት «ከመብራት ድርጅት ነው የምደውለው፣ ዋጋዎን ልቀንስልዎ ነው፣ የቆጣሪ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚሉ ይበዛሉ። በር የሚያንኳኩም አሉ። ከመሠረታዊው አቅርቦት ውጪ የሆነ የመብራት ውል በስልክ «እሺ» በማለት ብቻ አይጸናም፣ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በበር ወይም በስልክ የተገባ ውልም በ14 ቀን ውስጥ ሊሻር ይችላል። ቢሆንም ከጅምሩ አለመግባቱ ይቀላል። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ ወረቀት ይዞ የመጣን ሻጭ ግን በር ላይ ማሰናበት ነውር አይደለም።

የቆጣሪው ንባብም ጊዜ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። የዋጋው ለውጥ በሚጀምርበት ቀን፣ ድርጅት ብትቀይሩም ባትቀይሩም ቆጣሪያችሁን አንብቡና ላኩ። ካላነበባችሁ ስንቱ በአሮጌው፣ ስንቱ በአዲሱ ዋጋ እንደሆነ ድርጅቱ በግምት ይከፋፍለዋል። በፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ የቆጣሪው ቁጥርና ንባቡ አንድ ላይ ይታዩ። እዚህ ላይ የሰማነውን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ ወንድሞች በዚያ ቀን ከፍ ያለ ቁጥር አስመዝግበው ገና ያልተጠቀሙበትን በአሮጌው ዋጋ ለማስቆጠር ይሞክራሉ። ይህ ብልጠት አይደለም፤ በሚዛን ማጭበርበር ነው። ድርጅቱ በትንሹ ፊደል ተደብቆብናል ብለን የምንከስ ሰዎች እኛው በቁጥር ልንደበቅ አይገባንም።

ቀኑ ያለፈበትስ ሰው? በሌላ የጀርመን ከተማ የሚኖር አንድ ወንድማችን የገጠመው ይህ ነው። ማሳወቂያው በኢሜይል መጣለት፤ ርዕሱ «ስለ ውልዎ አዳዲስ ዜናዎች» የሚል ነበር። ወሩ ረመዷን ነበርና ማስታወቂያ መስሎት አለፈው። ያወቀው ዓመታዊው ሒሳብ 400 ዩሮ ያህል ተጨማሪ ሲጠይቀው ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ኢሜይሉን ሲያነብ ጭማሪው ከምስጋናና ከቅናሽ ማስታወቂያ ቀጥሎ በአራተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሯል፤ አሮጌው ዋጋ አልተጻፈም፤ ስለ ማቋረጥ መብትም አንድም ቃል የለም።

እንዲህ ያለ ማሳወቂያ ሕጉ የሚጠይቀውን አያሟላም፤ ጭማሪውን መቃወም ይቻላል። ወንድማችን በመጀመሪያ ንዴት መክፈል ላቁም ብሎ ነበር። ተዉ አልነው። መክፈል ያቆመ ሰው ውዝፉ የሁለት ወር አብሽላግ ያህል ሲሆንና ከ100 ዩሮ ሲበልጥ የማቋረጥ ማስጠንቀቂያ ሊመጣበት ይችላል። በአግባቡና በምክንያት የተቃወሙት ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ዝም ብሎ የተተወ ገንዘብ ግን ይቆጠራል። ስለዚህ የማይከራከርበትን በአሮጌው ዋጋ እያሰላ መክፈሉን ቀጠለ፤ የቀረውን በጽሑፍ ተቃወመ። ለቅሬታ መልስ ለመስጠት ድርጅቱ አራት ሳምንት አለው። መልሱ መጣ፤ «ኢሜይሉ ደርሶዎታል» የሚል ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚኬድበት ቦታ በርሊን የሚገኘው የኢነርጂ አስታራቂ ቢሮ ነው፤ «ሽሊሽቱንግስሽቴለ ኢነርጊ» ይባላል። ለሸማች ነፃ ነው፤ ድርጅቱም አልሳተፍም ማለት አይችልም። ቅሬታው እዚያ ሳለ የይርጋው ጊዜ ይቆማል። ወረቀቱን ለመሙላት የሚቸገር ሰው በየከተማው ባሉት የሸማቾች ማዕከላት፣ «ፈርብራውኸርዘንትራለ» በሚባሉት፣ በጥቂት ክፍያ ምክር ያገኛል። የወንድማችን ጉዳይ ይህ ንግግር እስከተዘጋጀበት ድረስ አላለቀም። ከእርሱ የምንማረው ግን አለ፦ የተቃውሞ ደብዳቤ አታቆዩ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በ2012 እንደወሰነው የዋጋ ጭማሪው አንቀጽ ራሱ ልክ ባይሆን እንኳ ጭማሪው መጀመሪያ የታየበት ዓመታዊ ሒሳብ ከደረሰው በኋላ ሦስት ዓመት ሳይቃወም የቆየ ሰው ጭማሪውን ልክ አይደለም ብሎ መከራከር አይችልም።

ወደ እህታችን እንመለስ፤ ስለ ልጇ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በስደት ያደጉ ልጆቻችን የወላጆቻቸው አስተርጓሚ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አላህ ይባርካቸው። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ ቋንቋውን ታነባለች እንጂ ውሉን አታነብም። «ፕራይስአንፓሱንግ» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ከቃሉ በስተኋላ 350 ዩሮ እንዳለ ግን እንዴት ታውቃለች? ገንዘብና ቀን ያለበት ወረቀት ከሆነ ሌላ ትልቅ ሰው ይየው። መስጊድ አካባቢ ቋንቋውን የሚያውቁ ተማሪዎች አሉ፤ ከጁሙዓ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው የሰውን ደብዳቤ ቢያነቡ ምን ያህል ቤተሰብ ይጠቅሙ ነበር። እህታችን ልጇን «ለምን አልነገርሽኝም» ብላ ተቆጥታት እንደነበርም ጽፋልናለች፤ ኋላ ይቅርታ ጠይቃታለች።

እህታችን የማቋረጫውን ኢሜይል የላከችው በዲሴምበር 9 ነበር። ማረጋገጫው በአምስተኛው ቀን መጣ፦ ውሉ በዲሴምበር 31 ያበቃል። አዲሱ ውል በ34 ሳንቲም ለ12 ወር፣ ዋስትናውም ለ12 ወር ነው። በፊት ከምትከፍለው ይበልጣል፤ ከተጠየቀችው ግን ያንሳል። በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ ውጭ ርችት ሲተኮስ እናትና ልጅ የእጅ ባትሪ ይዘው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ልጅቷ ቆጣሪውን በስልኳ ፎቶ አነሣችና ቁጥሩን ለሁለቱም ድርጅቶች ላከች። የአዲሱ ዋስትና ማብቂያ ቀን ደግሞ አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ ከርሱ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎም ሌላ ቀን በቀይ ተጽፏል።